ምሩጽ ይፍጠር ማንን ነው ያሸነፈው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቀድሞ ሯጮቻችን ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። አብዛኛው የመጣው ከከተማው ዳር ነው፤ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከቡራዩ፣ ከአቃቂ። ሯጮች ማለዳ ማለዳ በደጃችሁ ስለሚያልፉ ይመስለኛል። እኔም የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ገና ሳይነጋ የእግራቸው ኮቴ ከመስኮቴ ሥር ይሰማኛል።

ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ ስለ አንድ ሰው ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ስላመጣው ስለ ምሩጽ ይፍጠር። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ስለ ቀነኒሳ ባወራሁ ቁጥር አባቴ «ምሩጽን ሳታይ አታውራ» ይለኛል። እኔ ግን አንብቤያለሁ። ሞስኮ ኦሊምፒክ ላይ አሜሪካ የለችም፣ ኬንያ የለችም፣ ምዕራብ ጀርመን የለችም። ታዲያ ምሩጽ ማንን ነው ያሸነፈው? ይህን ስለው አባቴ ተቆጥቶ እራቱን ጥሎ ተነሳ። እባክዎ ይፍረዱን።

መልስ፦ መጀመሪያ አባትህን ይቅርታ ጠይቃቸው። ከዚያ ይህን ገጽ ይዘህ አብራችሁ ቁጭ በሉ። ጥያቄህ ነውር የለውም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አንተ ካሰብከው ይረዝማል።

ሞስኮ ላይ መገኘት የነበረባቸው ሰዎች ቀርተዋል። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታን ውስጥ ጦሯን አስገባች፤ አሜሪካ «አልሄድም» አለች፤ ብዙ አገሮች ተከተሏት። ኬንያም አንዷ ነበረች። በዚህ ምክንያት ሄንሪ ሮኖ ቀረ። ሮኖ በ1970 ዓ.ም. በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው። በሞስኮ ጊዜ የ5 ሺህም የ10 ሺህም ክብረ ወሰን በእጁ ነበር። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂንም ቀረ። እነሱ ቢኖሩ ውድድሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ይህን አልክድህም።

አሁን ደግሞ ማን እንደነበረ እንይ።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ሌኒን ስታዲየም፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ከተሰለፉት መካከል ላሴ ቪረን አለ። ይህ ፊንላንዳዊ በ1964 ሙኒክ ኦሊምፒክ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ወስዷል። በ1968 ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሁለቱንም ደግሟቸዋል። አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ብሬንዳን ፎስተርም አለ፤ እሱ ሞንትሪያል ላይ በ10 ሺህ ነሐስ የወሰደ ነው። ከሞንትሪያሉ የ10 ሺህ መድረክ ላይ ከቆሙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ እዚያ ነበሩ ማለት ነው። ቪረን አምስተኛ ወጣ። ፎስተር 11ኛ። ምሩጽ በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ አንደኛ።

የእኛ ልጆች ሦስት ነበሩ፤ ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። እየተቀባበሉ ፍጥነቱን ይጨምራሉ፣ ደግሞ ያበርዳሉ፣ ደግሞ ይጨምራሉ። በእኩል ፍጥነት ለሚሮጥ አውሮፓዊ ይህ ስቃይ ነው። ልቡ ከአንዱ ፍጥነት ጋር ሊላመድ ሲል ሌላው ይመጣበታል። ቪረን አንድ ሁለቴ ወደ ፊት ወጥቶ ሩጫውን በራሱ መንገድ ሊይዘው ሞከረ። አልሆነለትም። 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩጽ ሄደ። የመጨረሻውን ዙር ከ55 ሰከንድ በታች ነው የጨረሰው። ያውም 24 ዙር ከሮጠ በኋላ! አንተ ጎረምሳ ነህ፤ እስቲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትኩስ እግርህን ይዘህ አንድ ዙር ብቻ ሮጠህ ሞክረው።

ሁለተኛ የወጣው ሌላው ፊንላንዳዊ ካርሎ ማኒንካ ነው። ማኒንካ በኋላ ላይ ከሞስኮ በፊት ደም እንደተሰጠው ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። በዚያን ጊዜ ሕጉ ገና አልከለከለውም ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጨማሪ ደም ማለት ተጨማሪ ቀይ የደም ሴል ነው፤ ተጨማሪ ቀይ ሴል ደግሞ ለጡንቻ ተጨማሪ ኦክስጅን ያደርሳል። ምሩጽ በሁለቱም ርቀት የቀደመው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። 5 ሺው ላይ ማኒንካ ሦስተኛ ወጣ፤ ሁለተኛው ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኒያምቡይ ነበር።

ሌላም አለ። ምሩጽን በሞስኮ ብቻ የሚመዝን ሰው ከሕይወቱ ግማሹን ገጽ ገንጥሎ ጥሏል። በ1969 ዱሰልዶርፍ ላይ፣ በ1971 ደግሞ ሞንትሪያል ላይ የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ ተካሄደ። ያኔ የዓለም ሻምፒዮና ገና አልተጀመረም። አህጉራት ምርጦቻቸውን ይልካሉ፤ አሜሪካም የራሷን ቡድን ታሰልፋለች። ምሩጽ ለአፍሪካ ሮጠ። በሁለቱም ዋንጫዎች 5 ሺህንም 10 ሺህንም ወሰደ። አራት ሩጫ፣ አራት ድል። ዱሰልዶርፍ ላይ በ5 ሺህ ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊው ማርቲ ሊኮሪ የአገሩን ክብረ ወሰን ሰብሮም ምሩጽን አልደረሰበትም። እዚያ አድማ አልነበረም። «አሜሪካ አልነበረችም» የሚል ሰው እዚህ ጋ ምን ሊል ነው?

ከሁሉም በላይ የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። አድማ አድማ ስንል የሌላውን ኪሳራ ብቻ ነው የምንቆጥረው። የእኛንስ? በ1968 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ትተው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ዓላማው ትክክል ነበር፤ ዛሬም አልከራከርበትም። ዋጋውን ከከፈሉት አንዱ ግን ምሩጽ ነው። በጉብዝናው ወራት ላይ ነበር። ቪረን ሁለቱንም ወርቅ ሲወስድ ምሩጽ መሙ ላይ የለም። ከዚያ በ1976 ሎስ አንጀለስ ቀረን። በ1981 ሴኡል ቀረን። ከአራት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያ የተገኘችው ሞስኮ ላይ ብቻ ነው። ያንን አንድ ቀዳዳ አግኝቶ ሁለት ወርቅ ይዞ የወጣው እሱ ነው።

ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን ካሸነፈበት ከ1961 ጀምሮ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ እስካሸነፈችበት እስከ 1984 ድረስ ቁጠር። በዚያ ሁሉ ዘመን ኢትዮጵያ ያገኘችው የኦሊምፒክ ወርቅ ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም የምሩጽ ናቸው። አባትህ ያደጉት በዚያ ዘመን ውስጥ ነው። አንተ በየአራት ዓመቱ ወርቅ እየጠበቅክ ነው ያደግከው። እሳቸው ግን ያላቸው እነዚያ ሁለቱ ነበሩ።

ቀነኒሳን አትተው። ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ ሁለቱንም ርቀት ሲወስድ ከኢትዮጵያውያን ወንዶች ከምሩጽ በኋላ የመጀመሪያው ሆነ። በመካከላቸው 28 ዓመት አለ። ኃይሌ እንኳን፣ ያ ሁሉ ክብረ ወሰን እያለው፣ ሁለቱን ወርቅ በአንድ ኦሊምፒክ አልወሰደም። ይህንንም ለአባትህ ንገራቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሞስኮ ላይ በ5 ሺህ ሜትሩ መሐመድ ከድር ለምሩጽ መንገድ ለቀቀለት ብዬ ለልጆቼ ስነግራቸው «አባባ ተረት ነው» ይሉኛል። እውነት መሆኑን ጽፈህ አሳይልኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ትክክል ነዎት። ልጆችዎ ይህን ያንብቡ።

ሐምሌ 25 ቀን ነው፤ ከ10 ሺው አምስት ቀን በኋላ። በእነዚያ ቀናት መካከል ምሩጽ የ5 ሺህ ማጣሪያዎችንም ሮጧል። ፍጻሜው ላይ ደወሉ ተደውሎ፣ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩጽ ተከቧል። ከፊቱም ሰው፣ ከጎኑም ሰው። መሮጫውን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እግር አለህ፣ መውጫ የለህም። ወደ ኋላ ቀርተህ ዞረህ ልውጣ ብትል ሌላው ሄዷል። ከፊቱ የነበረው ከድር ነበር። ከድር ወደ ጎን ሸሸት አለለት። ምሩጽ በዚያች ክፍተት አፈትልኮ ወጣ። 13 ደቂቃ ከ20.9 ሰከንድ። ሁለተኛው ወርቅ።

ከድር በ10 ሺው ነሐስ አግኝቷል። በ5 ሺው ግን ሜዳሊያ ውስጥ አልገባም። እኔ ስለ ሞስኮ ባወራሁ ቁጥር ስሙን ሳልጠራ አላልፍም። ቶሎሳ ቆቱንም እንደዚያው። አራተኛ የወጣ ሰው ፎቶ ውስጥ አይገባም እንጂ ያ 10 ሺህ ያለ ቶሎሳ ሩጫ አይታሰብም። በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ ያመጣው እሸቱ ቱራም አለ። የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ የቡድን ሥራ ሲባል የምንሰማውን ነገር እሳቸው ያኔ መሙ ላይ አሳይተውናል።

ጋሼ፣ ከአቃቂ መጻፍዎ ብዙ ነገር ቀስቅሶብኛል። እኔም የአቃቂ ልጅ ነኝ። ሞስኮ ሲሆን ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ክረምት ነው። የኛ ሰፈር ጭቃ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል። ቤታችን ሬዲዮ አልነበረም። ከድልድዩ ወዲህ አንድ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ዱቤ የማይሰጡ፣ ልጅ ደጃቸው ላይ ሲቆም የማይወዱ ሰው ነበሩ። የዚያን ቀን ሬዲዮናቸውን መደርደሪያው ላይ አውጥተው ድምፁን ለቀቁት። ከፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ሱቁን ሞሉት። ጃንጥላ የያዘ ከውጭ ቆመ። እኛ ልጆች በሰው እግር መሀል ተሽሎክሉከን ገባን።

ያ ዘመን እንዴት ያለ ዘመን እንደነበር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ከሶማሊያ ጦርነት ልጁ ያልተመለሰለት ቤት ብዙ ነው። በቀይ ሽብር ልጁን የቀበረ፣ መቅበርም የተከለከለ አለ። ሰው ጮክ ብሎ መናገር ትቷል። በዚያ ሱቅ ውስጥ ግን ሬዲዮው የምሩጽን ስም ደጋግሞ ሲጠራ ትልልቅ ሰዎች ጮኹ። የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። ባለሱቁ የደስታ ከረሜላ ማሰሮውን ከፍተው እያፈሱ ለእኛ በተኑልን። እኔ ያኔ ምን እንደተሸነፈ በቅጡ አልገባኝም። ገብቶኝ የነበረው ትልልቆቹ የፈሩትን ነገር ለአንድ ማታ መርሳታቸው ነው።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሯጭ ሆነ። ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ 300 ሜትር ነው ብለን ወሰንን፤ የለካው ግን የለም። ሁላችንም ምሩጽ ነን። ቪረን የሚሆን ጠፍቶ በዕጣ እናወጣ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቀኝ እጃችንን እንደ ሹፌር ወደ ፊት እየገፋን ማርሽ እንቀይራለን፤ ምሩጽ «ማርሽ ቀያሪው» ይባል ነበርና። ዕጣ የወጣበት ልጅ ደግሞ ግዴታው ስለሆነ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ያንን ሬዲዮ የሰማነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሰላ አካባቢ አንድ የሰባት ዓመት ልጅም ሰምቶታል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሯጭ የመሆን ሕልሙ ከምሩጽ ድል እንደጀመረ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ምሩጽ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሲያርፍ ኃይሌ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበር። አስከሬኑ ወደ አገሩ መጥቶ ተቀበረ። ያን ጊዜ ከአቃቂ የመጡ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው በታክሲ ሲሄዱ አይቻለሁ። ምናልባት ከመካከላቸው እርስዎም ነበሩ።

ጥያቄ፦ ሙኒክ ላይ ምሩጽ 5 ሺህ ሜትሩን ለምን አልሮጠም? እዚህ ቡራዩ ሻይ ቤታችን ውስጥ አራት ሰው አራት ዓይነት ታሪክ ያወራል።

መልስ፦ እርግጡን ልንገራችሁ። በ10 ሺው ነሐሴ 28 ቀን 1964 ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አግኝቷል። በዚያ ሩጫ ቪረን መሀል ላይ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ በዓለም ክብረ ወሰን ነው ያሸነፈው፤ ቤልጂየማዊው ፑትማንስ ሁለተኛ ሆነ። ምሩጽ ከቪረን የራቀው በሦስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያ እግሩ 5 ሺው ላይ ይጠበቅ ነበር። ማጣሪያው ሲጀመር ግን በቦታው አልነበረም። ዘግይቶ ደረሰ፤ ቀረ። መጸዳጃ ቤት ቆየ የሚል አለ፣ የመግቢያ በር ተሳሳተ የሚል አለ፣ በሰዓቱ ያልጠራው ሌላ ሰው ነው የሚልም አለ። እኔ አምስተኛ ታሪክ አልጨምርባችሁም።

የምጨምረው ይህን ነው። አንድ ሯጭ ሙኒክ ላይ አንዱን ርቀት በደጅ ላይ አጣ። ሞንትሪያል ላይ ሁለቱንም በፖለቲካ አጣ። ሞስኮ ላይ ሲደርስ ከመጀመሪያው ዕድሉ ስምንት ዓመት አልፏል። ስምንት ዓመት በሩጫ ዓለም ብዙ ሰው መጥቶ የሚሄድበት ጊዜ ነው። እሱ ግን ጫማውን አልሰቀለም። በየቀኑ ተነስቶ ሮጠ። እኔ ከወርቁ ይልቅ እነዚያን ስምንት ዓመታት ነው የማከብረው።

ጥያቄ፦ ዕድሜውስ ስንት ነበር?

መልስ፦ በመዝገብ የተጻፈው 1936 ዓ.ም. አዲግራት አካባቢ መወለዱ ነው። በዚህ ስሌት ሞስኮ ላይ 36 ዓመቱ ነው። የውጭ ጋዜጠኞች ፀጉሩ ሳስቶ ስላዩት ከዚያ ይበልጣል እያሉ መላ ቅጡን አጡት። እሱ የመለሰላቸው መልስ ዓለምን ዞሯል፤ ዶሮዬን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ በጎቼን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም። ገጠር ያደገ ሰው መልስ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ክርክር አልገባም። 36 ይበቃኛል። በ36 ዓመቱ በሁለት ርቀት፣ በአንድ ኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደ ሰው ካለ ስሙን ላኩልኝና ስለ እሱም እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 17 ዓመቴ ነው። ሰንዳፋ ነው የምሠለጥነው። በቅርቡ አንድ ክለብ ለመምረጫ 5 ሺህ ሜትር አስሮጠን። ጥሩ እየሮጥኩ ነበር። ዙር ተሳሳትኩና አንድ ዙር ሲቀር ጨረስኩ ብዬ በሙሉ ኃይሌ ሮጬ ቆምኩ። ሁሉም አለፉኝ። አሁን ጓደኞቼ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ልምምድ መሄድ አስጠልቶኛል። ስለ ምሩጽ እየጻፉ መሆኑን ሰማሁ፤ እሱ አሸናፊ ስለሆነ የእኔን ነገር ባያነሱትም ይገባኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉም ደብዳቤ የአንቺን ነው ቀድሜ ልመልስ የፈለግኩት። ቦታ ሰፋ አድርጌ እንድጽፍልሽ ብዬ ወደ መጨረሻ አመጣሁት።

ሐምሌ 1963 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ። አሜሪካና አፍሪካ በአትሌቲክስ ይጋጠማሉ። ምሩጽ ያኔ የአየር ኃይል ልጅ ነው፤ ውጭ አገር ብዙም አይታወቅም። 5 ሺህ ሜትር ከስቲቭ ፕሪፎንቴን ጋር ተሰለፈ። ፕሪፎንቴን የአሜሪካኖች ዕንቁ ነው። ምሩጽ አብሮት ሮጠ፣ ከዚያ ጥሎት ሄደ። በሙሉ ኃይሉ ከንፎ መስመሩን አለፈና ቆመ። አንድ ዙር ቀርቶ ነበር። ፕሪፎንቴን ቀሪውን ሮጦ አሸነፈ።

አየሽ? የአንቺው ነገር ነው። አንድ ዙር ሲቀር፣ በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ መቆም። አንቺን ያዩሽ ጓደኞችሽ ናቸው። እሱን ያየው ስታዲየም ሙሉ የባዕድ አገር ሰው ነው።

በማግስቱ 10 ሺህ ሜትር ነበር። ከትናንቱ ድካም ጋር፣ ከትናንቱ እፍረት ጋር ተሰለፈ። ከፊቱ ፍራንክ ሾርተር አለ፤ በዓመቱ ሙኒክ ላይ የማራቶን ወርቅ የወሰደው ሾርተር። ምሩጽ መጨረሻው ላይ ተፈትልኮ ሾርተርን አሸነፈው። ዙሩን በትክክል ቆጥሮ።

ሌላም ልንገርሽ፤ ይህኛው የቡድን ነው። መጋቢት 1973 ዓ.ም.፣ ማድሪድ፣ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና። ኢትዮጵያውያኑ ከፊት ተቆጣጥረውታል። መጨረሻው መስሏቸው አንድ ዙር ሲቀር በሙሉ ኃይል ሮጡ። አንድ ሰው አይደለም፤ ቡድኑ ነው የተሳሳተው። እንደገና መሮጥ እንዳለባቸው ሲያውቁ ጉልበታቸው አልቋል። ክሬግ ቨርጂን ከኋላ መጥቶ አሸነፈ። መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሆነ። ያም ሆኖ የቡድኑን ዋንጫ ወሰዱ። በዓመቱ ሮም ላይ ያው ከድር የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ የሚስቁብሽን ጓደኞችሽን ይህን ታሪክ ያውቁት እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ዙር መሳት የሚመጣው ከስንፍና አይደለም። ሰውነት ሲደክም ሐሳብ ይበተናል፤ ያኔ ቁጥር ይጠፋል። ለዚህ መላ አለው። 12 ዙር ተኩሉን አንድ በአንድ አትቁጠሪ። በአራት በአራት ክፈይው፤ ሦስት አራት ነው። መነሻ ላይ ያለችው ግማሽ ዙር ለብቻዋ ትቀመጥ። መስመሩ ጋ ያለውን የዙር ሰሌዳ በየዙሩ ማየትን ልምምድ ላይ ልመጂው፤ ለውድድር ቀን ብቻ አትተይው። ደወል ሳትሰሚ ደግሞ የመጨረሻ ኃይልሽን አታውጪ። ደወሉ ለዚህ ነው የተሠራው። የሚያሠለጥንሽ ሰው ከእኔ የተሻለ ስለሚያውቅ ይህን አሳዪውና አብራችሁ ተነጋገሩበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። አንድ ዙር ሲቀር እዚያ ፍጥነት ላይ ከነበርሽ፣ ሌሎቹ ሁሉ ከኋላሽ ነበሩ ማለት ነው። መምረጫውን ያካሄደው ሰው ሰዓት ይዞ ከነበረ ይህን አይቶታል። ካላየውም ሌላ ክለብ አለ፣ ሌላ መምረጫም አለ። ነገ ጠዋት ልምምድሽን ሂጂ። ቀጣዩ መምረጫ መቼ እንደሆነ ስታውቂ ደግሞ ቀኑን ጻፊልኝ። ሰንዳፋ ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለም፤ ከቻልኩ መጥቼ አይሻለሁ።